የጾም ፕሮሰሰር ፍለጋ

ሌባ ሰው ቤት ገብቶ፣ ኮምፒውተሩን ትቶ፣ ካሜራውን ትቶ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ሶኬት ብቻ ነቅሎ ሄደ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰቆጣ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ሌባ ተገኝቷል። ጎረቤት ሁሉ ደጃፋችን ላይ ቆሞ «ምን ዓይነት ሌባ ቢሆን ነው?» ሲል አርፍዷል። ሌባዋ እኔ ነኝ። የሰረቅኩትም የገዛ ቤቴን ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር መጨነቅ ነው፤ በእሱስ ዲግሪ ይገባኛል። በር ቆልፌ ስወጣ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ቁልፉን እነካዋለሁ። ሰማዩ ሲጠቁር የራሴን ልብስ ከገመድ ሳላወርድ የጎረቤቴን አወርዳለሁ። ልጄ ትርንጎ «እማ፣ አንቺ እኮ የነገውን ጭንቅ ዛሬ ቁርስ ላይ ነው የምትጨርሺው» ትለኛለች። ታዲያ ምን አጠፋሁ? ነገ ባዶ እጁን ይምጣ ብዬ እኮ ነው።

ትርንጎ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራለች። አሁን ሰርግና ክርስትና ትቀርጻለች። የቀረጸችውን ደግሞ ቤት ባለው ኮምፒውተር ትቆርጠዋለች፣ ትቀጥለዋለች፣ ዘፈን ታለብሰዋለች፤ ኤዲቲንግ ትለዋለች። እኔ ልብስ ስፌት ነው የምለው። ስፌቱ ሲያልቅ በዚያው ኮምፒውተር ጌም ትጫወታለች። ጌሙ የከባድ መኪና ነው፤ በማናውቀው አገር፣ በረዶ በሞላው አስፋልት ላይ ተሳቢ ትነዳለች። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ «ኩርባው ላይ ቀስ በይ! የሰው ንብረት ነው የጫንሽው!» እላለሁ። አንድ ቀን ገደል ገባች። እሪ ብዬ ተነሣሁ። እሷ አንዲት ነገር ነካ አደረገችና መኪናው ምንም እንዳልሆነ ቆመ። ያን ዕለት ተገርሜ ውሃ ጠጣሁ። ግን ወደድኩት ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ በጋለ ቁጥር «ይኸው፣ የሰርጉን ጉልበት በረዶ ላይ ጨረስሽው» እላት ነበር።

ጭንቁ የመጣው በአያ ወልዱ ነው። አያ ወልዱ የጋዝጊብላ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን እዚህ ሰቆጣ፣ በወንድማቸው ቤት ሊድሩ ተነሡ። የሰርጉ ዋዜማ ወደዚህ ሲመጡ በቅሎዋ ቁልቁለት ላይ ጣለቻቸውና እግራቸው ተሰበረ። ጠላው ተጠምቆ፣ ከብቱ ታርዶ፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ከአገሩ ከደሃና ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሰርግ አይመለስም። አባት ጋዝጊብላ ጤና ጣቢያ ተኝተው ልጅ ተዳረች፤ ሙሽራውም ይዟት ወደ አገሩ ገባ። ጫጉላ ላይ ያለች ሙሽራ መልሱ ሳይደርስ ከቤት አትወጣምና አባትና ልጅ ሳይተያዩ ቀሩ። በኋላ አያ ወልዱን ወንድማቸው ቤት አመጧቸው። እግሩ አልጋጠም ብሏልና ሰኞ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሊወሰዱ፣ አጥንታቸው በብረት ሊታሰር ተቀጠረ።

ልንጠይቃቸው ሄድን። የትርንጎን እጅ ያዙ።

«ሰርጉን የቀረጽሽው አንቺ ነሽ አሉ?»

«አዎ፣ አያ ወልዱ።»

«እንግዲያው ከቢላዋው በፊት ልጄን ልያት። ካየኋት በኋላ እንደፈለጋቸው ይቆራርጡኝ።»

«እሑድ ያዩዋታል» አለች ልጄ።

እኔ ከኋላ ቀሚሷን ጎተትኩ። እሑድ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች አውቃለሁ።

ቤት ገባን። ትርንጎ ሰርጉን ሰፍታ ጨርሳለች፤ የቀረው ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንድ ላይ አዋሕዶ እንዲያወጣው ነው። አዘዘችው። ማጉረምረም ጀመረ፣ ጋለ፣ እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ድርግም። እንደገና። ድርግም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ትርንጎ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች።

«ፕሮሰሰሩ ነው እማ። አርጅቷል። መለወጥ አለበት።»

እኔ ፕሮፌሰር ያለች መሰለኝ። «አስተማሪሽን አረጀ ብለሽ ልትለውጪው ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ያላትን ሳቅ ሁሉ እዚያው ጨረሰችው።

«ታዲያ ጥሬውን በካሜራው አሳዪያቸው» አልኳት።

«የካሜራው መስኮት የክብሪት ቤት ታክላለች። የሳቸው ዓይን በቅሎዋንም በቅጡ አላያት። ደግሞ ጥሬ ለእንግዳ አይቀርብም።»

ዕቃው ወልድያ፣ አንዲት ባለሱቅ ጋ አለ ተባለ። ሐሙስ ትርንጎ የምትቀርጸው ክርስትና አለባት። በሹፌር ይላክ ብትል እኔ እንቢ አልኩ፤ ሹፌር ዕቃ ወንበር ሥር ይጥላል፣ በላዩ ጤፍ ይጫናል፣ በጤፉ ላይ ሰው ይቀመጣል። «እኔው እሄዳለሁ» አልኩ። የዕቃውን ስም በወረቀት በባዕድ ፊደል ጻፈችልኝና እንዲህ ስትል አጥብቃ ነገረችኝ፦

«ዋናው ሶኬቱ ነው እማ። ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ጋር ካልገጠመ ከድንጋይ አይሻልም። ለሻጯ ሶኬቱን ንገሪያት።»

ሶኬት አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል የተማረ ቀርቶ ያልተማረም ያውቃል። ግድግዳ ላይ ያለው፣ ምጣድ የሚሰካበት። ግን ስንት ቀዳዳ እንዳለው፣ ቀዳዳው ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ በቃል ነግሬ ብሳሳትስ? ለልጅ ጫማ ስንገዛ እግሩን በገመድ ለክተን አይደል ገበያ የምንወርድ? በቃል ከመሳት በዓይን ማሳየት ይሻላል ብዬ፣ ሐሙስ ማለዳ ትርንጎ ሳትነቃ፣ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋሁ። በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ የቀረውን ሽቦ ሰው እንዳይነካው በናስትሮ አንድ በአንድ አሸግኩ። ሶኬቱን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ መብራቱን መልሼ፣ ወጣሁ። በሩንም ሦስት ጊዜ ነካሁት።

አውቶቡስ ውስጥ ጥቅሉን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አየት አደረጉኝና ቀስ ብለው «የየትኛው ደብር ነው እናቴ?» አሉኝ።

«የእኛው ቤት ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጨርቁን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሳሙ። የቅዱሳን ሥዕል መስሏቸው ኖሯል። ነገሩ ሲገባኝ እሳቸው ወዲያ ዞረው መጸለይ ጀምረዋል። ከተሳመ በኋላ «ሶኬት ነው» ማለት ሴትዮዋን ማሳፈር ነው ብዬ ዝም አልኩ። እግዜር ይይልኝ።

ጥቂት እንደሄድን ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት።

«እማ! ሌባ ገብቶብናል!»

ጥቅሌን አጥብቄ ያዝኩ። «ምን ወሰደ?»

«ሶኬቱን! ሶኬቱን ብቻ! ደግሞ ሽቦውን በናስትሮ አሽጎልን ነው የሄደው! ሰው እንዳይነካው ተጨንቆ! እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሌባ ጎረቤት ሁሉ አይቶ አያው—»

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ጀመረ፤ ኔትወርኩ ገደል ገባ። ከዚያ እስከ ወልድያ አንድም ጊዜ አልመለስ አለ። የካሜራዋን ባትሪ የምትሞላበት ሶኬት እቅፌ ውስጥ ነው። ጎረቤት በሌባ ይጨነቃል፣ ሌባዋ በጎረቤት ትጨነቃለች።

ሱቁ ትንሽ ነው፤ ውስጡ ግን ጉድ ነው። በመስታወት ውስጥ አረንጓዴ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ በላያቸው የተሳለው መስመር ከላይ የታየ ከተማ ይመስላል፤ መንገዱ፣ አደባባዩ፣ ጣሪያው። ባለሱቋ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። እንደ ቅንድብ መንቀያ ባለች ቀጭን መቆንጠጫ አንዲት ብሎን አንሥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቦታዋ ላይ ስታኖር አይቼ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ወርቅ ሠሪ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ወረቀቴን ሰጠኋት። አነበበችና ቀና አለች።

«ማዘርቦርዱ ምንድን ነው?»

ወጣት ሁሉ በዕድሜዬ ያለችን ሴት ማዘር ነው የሚላት። እኔም «ማዘር፣ ቦርዱ ምንድን ነው?» ያለችኝ መሰለኝ።

«ልጄ፣ እኔ ምንም ቦርድ ውስጥ የለሁበትም። ሰበካ ጉባኤም ምረጡኝ ብዬ አላውቅም።»

«አይደለም፣ ማዘርቦርዱን ነው!»

«እኮ! ማዘርሽ ቦርድ አይደለችም አልኩሽ!»

ከመስታወቱ ውስጥ አንዱን ሰሌዳ አውጥታ አሳየችኝ። «ይህቺ ናት። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚቀመጠው በሷ ላይ ነው። ማዘርቦርድ የምትባለው ለዚያ ነው።»

«ሁሉን ተሸክማ ዝም የምትለዋ እናት ናት?»

«አዎ።»

«ስሟን ያወጣው ሰው እናቱን ያውቃል» አልኩ።

ሳቀችና «እሺ፣ ሶኬቱስ?» አለች።

ለዚህስ ተዘጋጅቻለሁ። ጥቅሌን ፈትቼ ሶኬቱን መስታወቱ ላይ ቁጭ አደረግኩት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ሶኬቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ይሄ…»

«ሶኬቱ ነዋ! ሳልሳሳት ላሳይሽ ብዬ ከነብሎኑ ነቅዬ አመጣሁት።»

ከባንኮኒው ሥር ጠፋች። ብሎን የወደቀባት መስሎኝ እኔም አጎንብሼ ልፈልግላት ስል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስትነሣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለካ ፕሮሰሰሩም የሚገባበት የራሱ ሶኬት አለው፤ በእናቲቱ ሰሌዳ መሐል ያለች አራት ማዕዘን። የትርንጎን ቁጥር ጠየቀችኝና ደወለች። የልጄን ድምፅ ከስልኩ ሰማሁት።

«ሶኬቱ የትኛው ነው እህቴ?» አለች ባለሱቋ።

«ውይ እህቴ፣ ሶኬቱማ ዛሬ ጠዋት ተሰረቀ!»

«አይዞሽ፣ ሌባዋን ከነኤግዚቢቱ ይዘናታል።»

 ከዚያ «እማ?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ከዚያ ልጄ መሳቅ ጀመረች፤ ከኋላዋ ጎረቤትም ይስቃል። እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ ሲያፍሩ ከመቆም እየሳቁ ማፈር ይሻላል።

ሳቁ ሲወጣልን ባለሱቋ ሁለት ትናንሽ ዕቃ በየፕላስቲኩ አምጥታ ፊቴ አኖረች። መጠናቸው እንደ ብስኩት ነው። ፊታቸው ብር፣ ሆዳቸው በወርቅ መርፌ የተሞላ፤ ከስንዴ እሸት ጢም የቀጠነ፣ ከሺህ በላይ ይሆናል፣ መስመሩን ሳይስት የቆመ። ይህን በእጁ የሠራ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ አማተብኩ።

«በእጁ የሠራ ሰው የለም ማዘር፤ ማሽን ነው። አይንኩት ደግሞ። በሰው ገላ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሊያቃጥለው ይችላል።»

«በእኔ ገላ ላይ?»

«በሁላችንም።»

ከተማው መብራት አጥቶ ሲደናበር እኔ ተሸክሜው እዞር ኖሯል! እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

«ይኸኛው ስድስት ኮር ነው፣ ይኸኛው ስምንት» አለች። «ኮር ማለት ሠራተኛ ይበሉት። ስድስቱ በጣም ፈጣን ናቸው፤ ለጌም እነሱ ይመረጣሉ። ስምንቱ እያንዳንዳቸው ትንሽ ረጋ ይላሉ፤ ለቪዲዮ ግን ብዛታቸው ይረዳል።»

ጊዜው ይኸው ነው ብዬ ጠጋ አልኳት። ከስልኩ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ልጄ… የጾም የለውም?»

«የምን የጾም?»

«ቪዲዮ የሚሠራ፣ ጌም የማይቀምስ።»

በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀችም፤ በደንብ አሰበችበት። «ፕሮሰሰር የጾም የፍስክ የለውም ማዘር። ሙሽራ ትሁን መኪና፣ እሱ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ደምሮ ይመልሳል፤ እኛ ነን ሙሽራ ነው መኪና ነው የምንለው።»

ይህን ስሰማ ወንበር ፈለግኩ። የሙሽራዋ እንባ፣ የከበሮው ምት፣ ያ ሁሉ በረዶ፣ ቁጥር? እኔ እኮ ትምህርት የተውኩት መደመር እንቢ ብሎኝ ነው። መደመር ሲበዛ ሰርግ እንደሚሆን ያን ጊዜ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ከዚያ ክፍል በበሬ አያወጡኝም ነበር።

ከስልኩ የትርንጎ ድምፅ መጣ። «እማ፣ ሰምቼሻለሁ። ልክ ነሽ፣ ጌሙ ይቅር። የአያ ወልዱ ይድረስልኝ እንጂ።»

ለወራት የለመንኩት ነገር ነው። ሲሰጠኝ ግን ደስ አላለኝም። የኔ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሰውን ደስታ ስትሰፋ ውላ ለራሷ ያላት አንዲት የበረዶ መንገድ ናት፤ እሷንም በአንድ ቃል ለሽማግሌው ሰጠች። ወደ ባለሱቋ ዞርኩ።

«እንግዲህ ገብቶኝ እንደሆነ ልይ። ቪዲዮ አጨዳ ነው፤ ማሳው ይከፋፈላል፣ ደቦ ሲበዛ ቶሎ ያልቃል። ጌም ግን መልእክት ነው። ስምንት ሰው አንዲት ደብዳቤ ተሸክሞ አይሮጥም፤ አንድ ፈጣን እግረኛ ይበቃል።»

«ማዘር!» አለች መቆንጠጫዋን አስቀምጣ። «ይህን እኮ ለተማረ ሳስረዳ ነው የምውለው።»

«እነዚህ ስምንቱ፣ ከመሐላቸው አንዱ ደብዳቤ ይዞ ቢላክ ይደርሳል?»

«በደንብ ይደርሳል። ከስድስቱ ትንሽ ቢዘገይ ነው።»

«ተሳቢም ይነዳል?»

«በበረዶ ላይ።»

«ስምንቱን ስጪኝ። ግን ስምንት ሰው ሲያጭድ ያልበዋል። ማን ያራግብላቸዋል?»

ረጅም ጊዜ አየችኝና ሄዳ ትልቅ ማራገቢያ ይዛ መጣች። አሮጌው ማራገቢያ ለነዚህ አይበቃም አለች፤ ከሰሌዳችን ጋር መግጠሙንም ከትርንጎ ጋር አጣራች። «ከመርፌዎቹ አንዱ ከታጠፈ አለቀ» ብላ በስፖንጅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ስመለስ ያችን ሣጥን እንዴት እንደያዝኳት አትጠይቁኝ። አውቶቡሱ በነጠረ ቁጥር እኔ ወደ ታች ስወርድ እጄ ወደ ላይ ይቀራል። አልበላሁም፣ አልተኛሁም፣ ማስነጠስ መጥቶብኝ በልመና መልሼዋለሁ።

ሰቆጣ ስደርስ ትርንጎ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ሰፈር ስንገባ «ሌባዋ መጣች!» ተባለ፤ እስከ ዛሬም ይባላል። ልጄ መጀመሪያ ሶኬቱን ከግድግዳው መለሰች። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ አሮጌውን አነሣች፣ አዲሱን በጣቷ ጫፍ ይዛ አራት ማዕዘኗ ላይ አኖረችው። አልገፋችውም። እሱ ራሱ፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ከብት ሰተት ብሎ ገባ። ለሙቀቱ ምስር የምታክል ቅባት ቀባችው፣ ማራገቢያውን አሰረችበት። እጇ አንድም ጊዜ አልሳተም። ይህ እጅ ከእኔ መውጣቱን ለማመን የራሴን እጅ አየሁ፤ የኔው ቀሚሴን ጨምድዷል።

አዘዘችው። እኔ ረጅም ቀን ይሆናል ብዬ ሽምብራ ጥጄ፣ በሰፌድ ኮምፒውተሩን ማራገብ ጀመርኩ።

«እማ፣ ማራገቢያ አለው እኮ።»

«እሱም ሰው ይርዳው።»

እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰፌዱን ግን አላቆምኩም። «እማ» አለች። «አለቀ።» ሽምብራው ገና ጥሬ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትርንጎ በፍላሽ ይዛው ወደ አያ ወልዱ ወንድም ቤት ሄድን። ቴሌቪዥኑን አልጋቸው አጠገብ አስጠግተው አበሩት። አያ ወልዱ መጀመሪያ ቀልዳቸው አላለቀም። «ይሄን አላውቀውም፤ ግን እንዴት ያለ በልቶ አደር ነው! ወንድሜ፣ የኔን በሬ ነው የበላው?» እያሉ እንግዳውን አንድ በአንድ ገመገሙ። ልጃቸው በቬሎ ብቅ ስትል ግን ግምገማው ቆመ። «አድጋለች» አሉ ብቻ፤ ካዩዋት ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ስንብቱ መጣ። ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የተደረደሩትን ሽማግሌዎች ጉልበት እየሳመች፣ ምርቃት እየተቀበለች ዞረች። በመጨረሻ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ለሰርጉ ብለው ቀድመው የላኩት የአያ ወልዱ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጦበታል። ልጅቱ ወንበሩ ፊት ተንበረከከች፣ አጎነበሰች፣ ጋቢውን ሳመች።

 አያ ወልዱ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። የለበሱትን ገለጥ አደረጉና ደህናውን እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ጉልበታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አቀረቡ።

«የተሰበረው ይቅርባት» አሉ በአፍ መፍቻቸው በኸምጣኛ። «በደህናው ትሳመኝ።»

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። ትርንጎ ሪሞቱን አነሣችና ምስሉን ባለበት አቆመችው። አያ ወልዱ ስለ ልጅ፣ ስለ ልጅ ልጅ፣ ስለ ዝናብና ስለ እህል መርቀው እስኪጨርሱ፣ ሙሽራዋ አጎንብሳ ቆየች።